ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አብሩት፣ ነውር አይደለም!

ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡናው እስኪፈላ አንብቡት። ኮምፒውተር አይመለከተኝም የምትሉም አትለፉት። ባንክ፣ ቀበሌ ወይም ትምህርት ቤት ሄዳችሁ "ሲስተሙ ነው" ተብላችሁ የተመለሳችሁ ሁሉ ይመለከታችኋል።

ባለፈው እሑድ አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። አሁን ፕሮግራመር ነው። (እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ እዚሁ ጎንደር ሰሌዳ ፊት አለሁ፣ እሱ ሊፍት ባለው ፎቅ ላይ ነው የሚሠራው። ደስ ይለኛል እንጂ አልቀናም። ትንሽ ብቻ።) "ቲቸር፣ አንድ ነገር አሳበደኝ" አለ። ሰው እየተጠቀመበት ባለ ሰርቨር ላይ ኮድ ቀይሮ፣ ሰርቨሩን ሳያጠፋ ፋይሉን ብቻ ሪሎድ አድርጓል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ የገዛ ልጁን "አላውቀውም" ማለት ጀመረ። ይኼ ኦብጀክት የዚህ ክላስ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ "አይደለም" ይላል። የክላሱ ስም ያው ነው፣ ፋይሉም ያው ነው።

"ሪስታርት አድርገው" አልኩት።

ሳቀብኝ። "ቲቸር ደግሞ! ሪስታርትማ ማን ያቅተዋል? እኛ ጋ እኮ ሰርቨር ማጥፋት እንደ ሽንፈት ነው የሚቆጠረው።"

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ምክንያቱም ይኼንን ዓረፍተ ነገር እኔም ከዓመታት በፊት ብዬዋለሁ። በእኔ ጉራ ዕዳውን የከፈለችው ግን ሌላ ሰው ናት።

ያኔ የማስተምረው ከጎንደር ወጣ ብሎ በደባርቅ መስመር ደጋ ላይ ነበር። የማታ ተማሪዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ነው የሚማሩት፣ ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ለትምህርት ቤቱ በፓይተን አንድ ትንሽ የምዝገባ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ሰርቨሩ በአይሲቲ ላብ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፣ ጸሐፊዎቹ ከየቢሮአቸው በኬብል ይገቡበታል። በኮዱ ውስጥ አራት ክላሶች ነበሩ። የሁሉም አያት "ሰው" ይባላል። ከእሱ "ተማሪ" እና "ሠራተኛ" ተወለዱ። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ሆነው ማታ የሚማሩ ሰዎች ስለነበሩ "የማታ ሠራተኛ" የሚባል ክላስ ጨመርኩ፣ ከሁለቱም የሚወርስ። አባቱ ተማሪ፣ እናቱ ሠራተኛ በሉት። የብዙ ወላጅ ውርስ የሚባለው ይኼው ነው። በደህና ቀን ምንም ችግር የለውም።

የፈተና ካርድ ሊታተም አንድ ቀን ሲቀር ከጽሕፈት ቤቱ "የአያት ስም ካርዱ ላይ አይወጣም" ተባለ። ቀላል ነገር ነው። የ"ሰው"ን ፋይል ከፍቼ የአያት ስም ጨመርኩ፣ የ"ተማሪ"ን ፋይል ደግሞ ካርዱ ላይ እንዲያትመው አስተካከልኩ። ጸሐፊዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። "አንዴ ውጡ፣ አጥፍቼ ላብራው" ማለት እችል ነበር፣ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው። አላልኩም። ፊታቸው ላይ ሳላጠፋ ስለውጠው እንዲያዩኝ ፈልጌ ነው፣ እውነቱ ይኼ ነው። የነካኋቸውን ሁለት ፋይሎች ሪሎድ አደረግኩ፣ "የማታ ሠራተኛ"ንም ጨመርኩ። "ሠራተኛ"ን ግን ተውኩት። አልነካሁትማ! ምን ብዬ ሪሎድ አደርገዋለሁ?

በማግስቱ ማታ ከፈተናው ክፍል በር ላይ አንዲት ሴት ተመለሰች። ቀን የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ማታ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ፣ እሷም መምህር ትለኛለች። ትምህርት ቤቱ ሠራተኞቹን የማታ ክፍያ አያስከፍልም ነበር። የእኔ ፕሮግራም ግን "ክፍያ ያልፈጸሙ" በሚለው ዝርዝር ውስጥ አትሟታል። ፈታኙ ዝርዝሩን አይቶ "አትገቢም" አላት። ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ላብ መጣች። "መምህር፣ ኮምፒውተሩ አያውቀኝም አሉኝ" አለችኝ።

ምን ብዬ መለስኩላት መሰላችሁ? "ሲስተሙ ነው እትዬ፣ ይስተካከላል።"

ሲስተሙ አልነበረም። እኔ ነበርኩ። ያን ሰዓት አላወቅኩትም ብል ግማሽ እውነት ነው። ትናንት የነካሁት እኔ መሆኔን አውቅ ነበር።

አሁን የተፈጠረውን ነገር ላስረዳችሁ። የዚህ ሙያ ልጆች ደግሞ በደንብ አንብቡልኝ፣ የደወለልኝ ልጅ ራስ ምታትም እዚሁ ውስጥ ነው።

እኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በአባትም በእናትም በኩል ወደ ላይ ይወጣና ሁለቱ መስመሮች አንድ አያት ላይ ይገናኙ እንደሆነ ይታያል። ቆጣሪው በአንድ በኩል አያትየውን በክርስትና ስማቸው፣ በሌላ በኩል በዓለም ስማቸው ቢያውቃቸው፣ አንዱን ሰውዬ ሁለት አድርጎ ይቆጥርና ቆጠራው ይሳሳታል። ሜሞሪ ውስጥ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ አያቶቹ ሁለት ሆኑ።

ፓይተን ፋይል ሪሎድ ሲያደርግ አሮጌውን ክላስ አያርመውም። አዲስ ክላስ ይፈጥርና ያንኑ ስም ይሰጠዋል። አሮጌው የሚይዘው ካለ አይሞትም። እኔ "ሰው"ን ሪሎድ ሳደርግ አዲስ "ሰው" ተወለደ። "ተማሪ" ሪሎድ ስለተደረገ ወደ አዲሱ አያት ተጠጋ። ያልነካሁት "ሠራተኛ" ግን አሮጌውን አያቱን ይዞ ቀረ። "የማታ ሠራተኛ" በአባቱ በኩል አዲስ አያት፣ በእናቱ በኩል አሮጌ አያት ኖረው ማለት ነው።

ፓይተን ብዙ ወላጅ ሲኖር ማን ከማን እንደሚቀድም የሚወስንበት ወረፋ አለው። ስሌቱ ሲ ስሪ ይባላል። ዲላን ለሚባል ቋንቋ ተብሎ የተሠራ ሲሆን ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው 2.3 ስሪቱ ወሰደው። በጤናው ጊዜ ወረፋው እንዲህ ነው፦ የማታ ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ሠራተኛ፣ ሰው። አያት የሁለቱም ስለሆነ መጨረሻ ይቆማል። እያንዳንዱ የራሱን መረጃ ይሞላና በሱፐር ለቀጣዩ ያስተላልፋል። "ሰው" መጨረሻ ስለሆነ ለማንም አያስተላልፍም፣ እሱ ላይ ይቆማል።

ከእኔ ሪሎድ በኋላ ወረፋው ምን ሆነ? የማታ ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ አዲሱ ሰው፣ ሠራተኛ፣ አሮጌው ሰው። አያችሁት? አዲሱ አያት መሀል ገባ። እሱ ደግሞ መጨረሻ ነኝ ብሎ ስለሚያምን አላስተላለፈም። "ሠራተኛ" ተራው ሳይደርሰው ቀረ። "ይህ ሰው ከክፍያ ነፃ ነው" የሚለውን የሚሞላው ደግሞ "ሠራተኛ" ነው። ሳይሞላ ሲቀር አያት ላይ የተጻፈው ነባሪ መልስ ተነበበ፣ እሱም "ነፃ አይደለም" ይላል። ኤረር የለም፣ ቀይ ጽሑፍ የለም። ፕሮግራሙ ጤነኛ መስሎ እትዬን ባለዕዳ አደረጋት።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኼ ጸጥታው ነው። የደወለልኝ ልጅ ዕድለኛ ነው፣ የእሱ ቢያንስ ጮኸ። በአሮጌው አጻጻፍ ሱፐር ውስጥ የክላሱን ስም እየጠሩ የሚጽፉ ሰዎች ኮድም ይጮኻል። ስሙ አሁን የአዲሱ ክላስ ነው፣ ኦብጀክቱ ግን የአሮጌው ልጅ ስለሆነ "ይኼ የዚያ ልጅ አይደለም" ብሎ ይቆማል። የወላጆቹን ቅደም ተከተል አጣርሳችሁ ከሆነም "ወጥ ወረፋ መሥራት አልቻልኩም" ብሎ ገና ሲጀምር ይሞታል። እንዲህ ያለው ኤረር መልአክ ነው፣ ሻማ አብሩለት። ክፉው ዝም የሚለው ነው።

እንዴት ይታወቃል? የክላሱን ኤምአርኦ፣ ማለትም ያንን ወረፋ፣ አትሙትና በዓይናችሁ እዩት። አንድ ስም፣ ከአንድ ሞጁል የመጣ፣ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ አበቃ፣ አያት ሁለት ሆኗል። በደህና ፕሮግራም ውስጥ አንድ ክላስ ወረፋው ላይ ሁለቴ አይቆምም። ከተጠራጠራችሁ የሁለቱንም መለያ ቁጥር በአይዲ ጠይቁት፣ ይለያያል። እኔ ይኼን ያገኘሁት በሦስተኛው ቀን ነው፣ በፍላሽ ይዤው የነበረውን የፓይተን መመሪያ ሳነብ። መመሪያው አልደበቀም። ክላስ ያለበትን ፋይል ሪሎድ ብታደርጉ ቀድመው የተፈጠሩት ኦብጀክቶች በአሮጌው ክላስ ይቀጥላሉ፣ ከእሱ የወረሱ ክላሶችም እንደዚያው ናቸው ይላል። ተጽፎ ተቀምጧል! ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

"ታዲያ ሪሎዱን በቅደም ተከተል ብናደርገው?" የምትሉ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። መጀመሪያ አያት፣ ከዚያ ወላጆች፣ ከዚያ ልጅ። አዎ፣ ወረፋው ይስተካከላል። ሜሞሪ ውስጥ ያሉት ኦብጀክቶች ግን አሁንም የአሮጌው ናቸው። አያቴ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላም ያንን ማሳ "የእናቴ ርስት" እያለ ይጠቁመኝ ነበር። አዋጁ ርስት የሚለውን ነገር ከሥሩ ቀይሮታል፣ በድሮው ሕግ የተወለደው ሰውዬ ግን በድሮው ኖሮ በድሮው ሞተ። ኦብጀክትም እንደዚያ ነው። ልዩነቱ አያቴን ሪስታርት ማድረግ አይቻልም፣ ሰርቨር ግን ይቻላል።

አሁን ወደ ጉራችን ልመለስ። "ሰርቨር ማጥፋት ሽንፈት ነው" የምትሉ ልጆች ይኼን ከየት አመጣችሁት? ጃንጎን ትጠቀማላችሁ አይደል? የጃንጎ የልማት ሰርቨር እናንተ ፋይል በቀየራችሁ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል? ሞጁል እየመረጠ ሪሎድ አያደርግም፣ ሙሉውን ፕሮሰስ ገድሎ እንደገና ይጀምራል። የሠሩት ሰዎች እኮ ከእኔም ከእናንተም የተሻለ ፓይተን ያውቃሉ። ጉኒኮርንም ቢሆን "ሪሎድ" የሚለው ነገር አዳዲስ ሠራተኛ ፕሮሰሶችን በአዲሱ ኮድ ማስነሳት፣ አሮጌዎቹን ደግሞ የጀመሩትን አስጨርሶ ማሰናበት ነው። ተጠቃሚው ሳይቋረጥበት ሙሉ መታደስ ይቻላል ማለት ነው። አንዱ ፕሮሰስ ውስጥ ግን አዲስና አሮጌ አይቀላቀሉም።

አንድ ጎበዝ ደግሞ "ኤርላንግስ?" ይለኛል። ጥሩ ጥያቄ። ኤርላንግ በስዊድኑ ኤሪክሰን ለስልክ ማዞሪያ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተፈጠረ ቋንቋ ነው፣ ስልክ ሳይቋረጥ ኮድ እንዲቀየር ከመጀመሪያው ታስቦበታል። አንድ ሞጁል በአንድ ጊዜ አሮጌና አዲስ፣ ሁለት ስሪት ብቻ ይኖረዋል፣ ማን በየትኛው ላይ እንዳለም ይታወቃል። ደግሞም የክላስ ውርስ የሚባል ነገር የለውም። ኮመን ሊስፕ በበኩሉ ብዙ ወላጅም አለው፣ ክላስ እንደገና ሲተረጎምም ያው ክላስ ራሱ ይታደስና ልጆቹን ያድሳል። ስለዚህ ነገሩ ይቻላል። የሚቻለው ግን ለዚያ በተሠራ ቤት ነው። ፓይተን ላይ በአንድ ሌሊት ጉራ አይሆንም።

ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሆኖ መሥራት ምን እንደሚያመጣ ማየት ከፈለጋችሁ የአሜሪካውን ናይት ካፒታል አንብቡ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 አዲስ ኮድ ከስምንት ሰርቨሮች በሰባቱ ላይ ተጫነ፣ ስምንተኛው ተረሳ። የተረሳው ሰርቨር አሮጌ ኮድ ቀሰቀሰና አክሲዮን እንደ ጉድ ይገዛና ይሸጥ ጀመር። በ45 ደቂቃ ውስጥ 440 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከሰሩ። ነገሩ የክላስ ጉዳይ አልነበረም፣ የተረሳው ስምንተኛው ግን ከእኔ "ሠራተኛ" ፋይል ጋር ወንድማማች ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት 2016 ዓ.ም የሆነውን የረሳ የለም። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ላይ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በቴሌግራም ግቢ ለግቢ ዞረ፣ ተማሪው ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ፣ ባንኩም አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ባንኩ በራሱ ሲስተም ላይ ይሠራ ከነበረው ሥራ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ተነገረን። ቆይቶም ያለአግባብ የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ባንኩ አስታወቀ።

ልብ በሉ፣ የሰው ገንዘብ መውሰድ ስርቆት ነው። ተማሪዎቼን ያኔም ነግሬአቸዋለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን አስታውሱ። ዩኒቨርሲቲዎች "መልሱ" ብለው ማስታወቂያ አወጡ፣ ያልመለሱት ስምና ፎቶ ተለጠፈ። የሃያ ዓመት ልጅ ፊቱን ባንክ ግድግዳ ላይ አየ። እየሠራ ያለ ሲስተም ላይ እጁን ያስገባውስ? ለውጡን በዚያች ሌሊት ይሁን ያለውስ? የእሱ ፎቶ የት ተለጠፈ? አይለጠፍ! የማንንም ፎቶ ለመለጠፍ አይደለም የምጽፈው። ግን ከሁለቱ ወገን የአንዱ ስም ግድግዳ ላይ ሲሰቀል፣ የሌላው ስም "ሲስተም" ሆኖ ቀረ። "ሲስተም" የሚባል ሰው ግን የለም! ደመወዝ አይበላም፣ ፊርማ የለውም፣ ይቅርታ አይጠይቅም።

የእትዬም ነገር እንደዚያው ነበር። ስህተቱ ከማን እንደሆነ ሳይጠየቅ እሷ ማመልከቻ ጻፊ ተባለች። ክፍያ እንደማይመለከታት የሚያስረዳ ደብዳቤ አምጪ ተባለች፣ እዚያው ከምታጸዳው ቢሮ! ደብዳቤው ሲፈረም ሌላ ፊርማ ጎደለ። ያለፋትን የሒሳብ ፈተና የተፈተነችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ ለብቻዋ፣ በቀን፣ መጥረጊያዋን በር ላይ አስደግፋ። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት እኔ ሰርቨሩን አጥፍቼ አብርቼዋለሁ፣ ችግሩ በሁለት ደቂቃ ጠፍቷል። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ብዬ ለመጻፍ ግን ሁለቱም ሳምንት አልበቃኝም። በመጨረሻ የነገርኳት በቃል ነው። ስለ ክላስና ስለ ወረፋ ላስረዳት ሞከርኩ። በትዕግሥት ሰምታኝ "እና መምህር፣ ያን ቀን ለምን ፈታኙን አልነገርክልኝም?" አለችኝ።

ለዚህ መልስ የለኝም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ሲስተም የምትይዙ ሁሉ፣ ሥራውን እንደ ሥራ ሥሩት። ለውጡን መጀመሪያ ቅጂው ላይ ሞክሩ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት አድርጉት፣ ቀድማችሁም "ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ይዘጋል" ብላችሁ ለጥፉ። አጥፉት፣ አብሩት። ከዚያ ከአንድ በላይ ወላጅ ያለውን እያንዳንዱን ክላስ ወረፋውን አትማችሁ እዩ፣ አንድ አንድ ሰው ከየዓይነቱ አስገብታችሁም ሞክሩ። እኔ አንድ የማታ ሠራተኛ አስገብቼ ብሞክር ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይታየኝ ነበር። ሦስት ሰው ብቻ ናቸው ብዬ ተውኳቸው። የተጎዳው ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ነው፣ ሁሌም እንደዚያ ነው፣ ሁለት ቦታ የቆመው ሰው ነው መጀመሪያ የሚወድቀው። አለቃችሁ "አታጥፉት፣ ደንበኛ ይቆጣል" ካለ ደግሞ ትእዛዙን በጽሑፍ ስጡኝ በሉት። የስንቱ ሐሳብ ወረቀት ሲመጣ እንደሚቀየር ታያላችሁ። ስህተት ከተፈጠረም "ዛሬ ጠዋት ኮድ ቀይሬ ነበር፣ የእኔ ስህተት ነው፣ ይኼን ሰው አስገቡት" በሉ። አፍ ላይ ትከብዳለች፣ አውቃለሁ።

ለደወልክልኝ ልጅ፦ ስምህን አልጠራሁም፣ አንተ ታውቀዋለህ። የዚያን ክላስ ወረፋ አትመህ በቴሌግራም ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ከዚያ በፊት ግን ሪሎድ ካደረግክ በኋላ እስካሁን ባለው ጊዜ ሲስተሙ "አላውቃችሁም" ብሎ የመለሳቸውን ሰዎች ከሎጉ ላይ አውጣና ዛሬውኑ ደውልላቸው።